የሯጩ ድርሻ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት ነው። የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ሆን ተብሎ ሙቀቱ ሲበርድ ስለተጀመረ፣ መሪዎቹ ወደ ከተማዋ ሲመለሱ ጨለማው ወርዷል። በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ወታደሮች ችቦ ለኩሰው ቆመዋል። ከችቦው ብርሃን ውስጥ ሁለት ሯጮች ብቅ አሉ። አንደኛው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። ሌላው ደረቱ ላይ 11 ቁጥር የለጠፈ፣ እግሩ ላይ ጫማ የሌለው ቀጭን የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ ወታደሩ ፍጥነቱን ጨመረ። ከዚያ በኋላ የደረሰበት የለም። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ።

የዚያን ምሽት ፎቶዎች አይቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብዳል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ከኋላው ድቅድቅ ጨለማ፣ ፊቱ ላይ አንድም የድካም ምልክት ሳይታይ። ፎቶው በመማሪያ መጻሕፍት ወጥቷል፣ በፖስተር ታትሟል፣ በካፌና በፀጉር አስተካካይ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ እንግዳ ይቀበላል። ብዙዎቻችን ሩጫውን የምናውቀው በፎቶው በኩል ነው።

በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ርችቷንና አበባዋን ይዛ አዲስ ዓመት ስትቀበል፣ በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሕግ አንቀጽ 27 ላይ፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛም ሆነ ለሽያጭ ሊቀርብ እንደማይችል ተደንግጓል። የሚቀጥለው አንቀጽ ለታዋቂ ሰዎችና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ለሚፈጸሙ ነገሮች በር ይከፍታል፤ ጋዜጣ የውድድር ፎቶ ሊያወጣ የሚችለው በዚህ ነው። ከዚያ በር ውጭ ምስሉ ያለ ፈቃዱ የተሸጠበት ሰው ግን ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ሻጩ ካገኘው ጥቅም ካሳ ሊያስከፍልለት ይችላል።

ታላቁ ፎቶ አንድ ቀን፣ የምስሉን ባለቤት የሚጠብቀው ሕግ በማግስቱ። ከ60 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ የተገናኙት ግን ከስንት አንዴ ነው። ይህ ጽሑፍ እነርሱን ስለማገናኘት ነው፤ ማለትም ጥሩ የስፖርት ፎቶ በጥራት ታትሞ ሲሸጥ ከገንዘቡ የተወሰነው ሯጩ ኪስ የሚገባበትን መንገድ ስለመሥራት።

ጫካ፣ ኮረኮንች፣ አስፋልት

ፎቶው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጧት 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ መውጣት ይበቃል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ንጋቱ አይቆይም። ሰማዩ ከግራጫ ወደ ወርቃማ፣ ከወርቃማ ወደ ነጭ ቶሎ ይሻገራል። ፎቶ አንሺው የሚፈልጋት ብርሃን የመካከለኛዋ ናት፤ በባሕር ዛፎቹ መካከል አግድም ገብታ የሯጮቹን ትንፋሽ እንደ ጭስ የምታሳየው።

ሯጮቹ በሰልፍ ይመጣሉ። ጫካው ውስጥ ሲሮጡ ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ የኋላኛው የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ድንጋይ ያየው በእጁ እያመለከተ ነው። ሌላ ቀን ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ኮረኮንቹ ላይ፣ ሌላ ቀን አስፋልት ላይ። ከፍታው ከባሕር ጠለል ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋበት ቦታ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዷ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። የካሜራው ሻተር ለሰከንድ አንድ ሺሕኛ ብቻ ከተከፈተ፣ በዚያች ቅጽበት ሯጩ የተንቀሳቀሰው አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ላቡ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የጫማው ሥር ያለው አፈር እንደተበተነ ይቀራል። ለሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሯጩ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ተጉዟል። ያኔ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከሯጩ ጋር እኩል እያዞረ መከተል አለበት። ተሳክቶለት ከሆነ ፊቱ ጥርት ብሎ ጫካው በሙሉ አረንጓዴ መስመር ይሆናል። ካልተሳካለት ምንም የለም። ከመቶ አንዱን ያገኘ ዕድለኛ ነው።

እኔ ከሁለቱ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ለዜና የመጀመሪያው ይሻላል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን ቁጥር እንደለጠፈ በግልጽ ይታያል። ግድግዳ ላይ ለዓመታት አብሮ ለሚኖር ፎቶ ግን ፍጥነቱ ራሱ መታየት አለበት።

ሌላው ጣጣ የቆዳ ቀለም ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ዓለምን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያስበው። ጥቁር ፊት ከነጭ ሰማይ ፊት ሲቆም መለኪያው በሰማዩ ይታለልና ፊቱን አጨልሞ ያስቀረዋል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚታይበት ፎቶ የሚወጣው እንዲህ ነው። በፊልሙ ዘመን ችግሩ የባሰ ነበር። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ሴት ነጭ ነበረች፤ ቀለሙ ሁሉ የሚመዘነው በእርሷ ቆዳ ነው። ስለዚህ የእኛን ሯጮች ከሚያሳዩት የድሮ ፎቶዎች ብዙዎቹ ሯጩን በትክክል አላሳዩትም። ዛሬ ጠንቃቃ ፎቶ አንሺ ብርሃኑን ለፊቱ ይሰጣል፤ ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ ብሎ ይተወዋል። በህትመትም ጊዜ ይኸው ጥንቃቄ ይቀጥላል፤ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ሲሰርግ ጨለማው ክፍል ይበልጥ ስለሚጨልም፣ የፊቱ ዝርዝር እንዳይጠፋ ቀድሞ መከፈት አለበት። የአንዲትን ሯጭ ፊት በሥርዓት ማተም ለእርሷ ያለን ክብር የሚለካበት ሥራ ነው።

እነዚያ በሰልፍ የሚሮጡ ልጆች እነማን ናቸው? ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ስማቸውን የምናውቀው ነው። የቀሩት ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ የመጡ፣ ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ናቸው። ዕድል የቀናው የመከላከያ፣ የንግድ ባንክ ወይም የማረሚያ ክለብ ደመወዝ አለው። ያልቀናው ከእጅ ወደ አፍ እየኖረ፣ የሚያስወጣው ማናጀር እስኪያገኝና ቪዛው እስኪመታ ይጠብቃል። የጫማው ሥር አልቆ፣ ምግቡ ተመጥኖ፣ ከሻምፒዮኑ ጋር እኩል ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እንጦጦ ላይ የሚነሳው ፎቶ ውስጥ ሁሉም አሉ። ውበቱን የሚሠራው የሰልፉ ርዝመት ነው፤ ሰልፉን የሚሠሩት ደግሞ እነዚያ ስማቸው የማይጠራው ናቸው።

ፎቶ የማን ነው?

ሁለት መብቶች አሉ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ይደባልቃቸዋል። የመጀመሪያው የፎቶ አንሺው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን እንደ ሥራ ይጠብቀዋል፤ የኢኮኖሚ መብቱም ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው በአንቀጽ 27 ላይ ያየነው የሯጩ መብት ነው። ፎቶ አንሺው ባለ ሥራ ነው፣ ሯጩ ባለ ምስል ነው። አንዱ ያለ ሌላው ፎቶውን ወደ ሱቅ ሊያወጣው አይገባም።

ዘፋኝ ዘፈኑ በተሸጠ ቁጥር ሮያሊቲ መጠየቅ እንደሚችል አሁን አሁን ሁሉም ያውቃል። ሯጭ ግን ሩጫው የቅጂ መብት የሚያገኝ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም። ያለው ስሙና ምስሉ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ምስሉን በዋዛ ማየት የማይገባው።

ሌላው ዓለም ይህን ከተረዳ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1965 በአሜሪካ ሜይን ግዛት ሉዊስተን ከተማ፣ መሐመድ አሊ ሶኒ ሊስተንን በመጀመሪያው ዙር ዘርሮት በላዩ ላይ ቆሞ ሲጮህበት ኒል ላይፈር የተባለ የ22 ዓመት ፎቶ አንሺ በትክክለኛው ጥግ ተቀምጦ ነበር። በአሊ እግሮች መካከል ሌላ ፎቶ አንሺ ይታያል፤ እርሱ በተሳሳተው ጥግ የተቀመጠው ነው። የሚገርመው ያ ፎቶ በጊዜው ስፖርትስ ኢሉስትሬትድ መጽሔት ሽፋን ላይ አልወጣም። ክብሩን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ በላይፈር ፊርማ የወጡ ህትመቶች በጋለሪዎች ይሸጣሉ። አሊም ድርሻውን አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2006 በስሙና በምስሉ ላይ ካለው መብት 80 በመቶውን ለአንድ ኩባንያ በ50 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። ከቡጢ ዓለም ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳለ፣ ምስሉ ይሠራለት ነበር።

ከዚህ ጎን የእኛን አስቀምጡት። አንድ የጫማ አምራች እ.ኤ.አ. በ2010 ጣት ጣት ያለው፣ በባዶ እግር የመሮጥ ስሜት የሚሰጥ ጫማ አውጥቶ "ቢኪላ" ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰቦች ያለ ፈቃዳችን ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤቱ ለመክሰስ ዘግይታችኋል በሚል ጉዳዩን ዘጋው። የአበበን ስም የማስጠበቅ ሥራ በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁ ያሳዝነኛል። የስምና የምስል መብትን በንቃት የሚከታተል አካል ቢኖር፣ ጫማው ገበያ በወጣ ሳምንት ደብዳቤ ይጻፍ ነበር።

ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠርስ? በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ጠቅልሎ ሲያሸንፍ የተነሳው ፎቶ፣ ያ ራሰ በራ፣ ያ በመጨረሻው ዙር የሚወነጨፍ እግር፣ ስንት ቤት ገብቷል። ምሩጽ ኋላ በስደት ካናዳ ኖረ፤ ኑሮው የድሎት አልነበረም። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ። ሐዘኑ ሰፊ ነበር፤ ውዳሴውም ብዙ ነበር። እርሱ በሕይወት ሳለ ፎቶው በሥርዓት ታትሞ፣ በእጁ ፈርሞበት፣ ድርሻው በየወሩ ቢደርሰው የሰው ፊት ሳያይ ይኖርበት የነበረ ገንዘብ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ለመግዛት የሚያመነታ ኢትዮጵያዊ ባልነበረ።

ፎቶ ኪስ እንደሚያስፈታ በሪዮ ኦሊምፒክም ታይቷል። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ እጆቹን ለተቃውሞ ከራሱ በላይ አጣምሮ የሚታይበት ፎቶ ዓለምን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ወደ አገሩ መመለስ ባልቻለበት በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት የተሰበሰበለት መዋጮ በቀናት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር አለፈ። ሕዝቡን ያነሳሳው ያ አንድ ፎቶ ነው። መዋጮው ግን መዋጮ ነው፤ ጭንቅ ሲመጣ ይሰበሰባል፣ ጭንቁ ሲያልፍ ይቆማል። እኔ የምናገረው ሯጩ ጭንቅ ውስጥ ሳይገባ፣ ማንንም ሳይለምን፣ ለሠራው ሥራ ስለሚከፈለው ነው።

ህትመቱ

ጥሩ ህትመት ከፖስተር የሚለየው በወረቀቱ ይጀምራል። ፖስተር የሚታተመው በሚያብረቀርቅ ቀጭን ወረቀት ላይ ሲሆን፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቀዩ ቀለም ቶሎ ይጠፋና ሯጩ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የሥነ ጥበብ ህትመት ግን ከጥጥ በተሠራ፣ አሲድ በሌለው ወፍራም ወረቀት ላይ፣ ብርሃን በቀላሉ በማያጠፋው የፒግመንት ቀለም ነው የሚታተመው። በአግባቡ ከተያዘ ገዢውን አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ነው፤ ውድነቱም ከዚያ ይመጣል።

መጠኑን የሚወስነው ካሜራው ነው። 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ካሜራ 6000 በ4000 ነጥብ ያለው ምስል ይሰጣል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 50 በ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለሳሎን ግድግዳ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለማተለቅ ፎቶው መጀመሪያውኑ ጥርት ያለ መሆን አለበት።

ከዚያ ቁጥሩ ይመጣል። ፎቶ አንሺው ከዚህ ፎቶ 30 ብቻ አትማለሁ ብሎ ይወስናል፤ እያንዳንዱ ህትመት ጥግ ላይ በእርሳስ 1/30፣ 2/30 እየተባለ ይቆጠራል፣ ይፈረምበታል። ሠላሳው ካለቀ አለቀ። ዋጋውን የሚይዘው ይህ ቃል ነው። ቃሉ ከታጠፈ፣ ሠላሳ ተብሎ ሦስት መቶ ከታተመ፣ ገዢው ተታሏል፤ ሯጩም አብሮ ተዋርዷል። ሌላው መንገድ ቁጥሩን ትቶ ጊዜውን መገደብ ነው። ማግነም የተባለው የፎቶ አንሺዎች ማኅበር አነስተኛና በፎቶ አንሺው የተፈረሙ ህትመቶችን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወቅት ቱሪዝም ሲቆም፣ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺዎች በተመሳሳይ ዘዴ፣ እያንዳንዱን ህትመት በ100 ዶላር ሸጠው በአንድ ወር ገደማ ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ለአፍሪካ ፓርኮች ጥበቃ ሰብስበዋል። አንበሳና ዝሆን ይህን ያህል ካስገኙ፣ እንጦጦ ላይ በንጋት የሚሮጡ ልጆች የማያስገኙበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ስሌት ልሥራ፤ ቁጥሩ ለማሳያ ያህል ነው። ሠላሳ ህትመት እያንዳንዱ በ6 ሺህ ብር ቢሸጥ 180 ሺህ ብር ነው። ወረቀት፣ ቀለም፣ ማተሚያ፣ መጠቅለያ ለእያንዳንዱ 1,500 ብር ቢወስድ 45 ሺህ ይወጣል። የቀረው 135 ሺህ ለሁለት ሲካፈል ለሯጩ 67,500 ብር ይደርሰዋል። ይህ ሀብታም አያደርገውም። ግን ለወራት የቤት ኪራይ፣ የምግብና የጫማ ወጪውን ይሸፍናል፤ ጉልበቱ ታሞ ልምምድ ያቆመ ሯጭ እስኪያገግም ይደግፋል። የሯጭ ትልቁ ጠላት ጉዳት ላይ ሳለ የሚመጣው የገንዘብ ጭንቀት ነው፤ ሳይድን ወደ ሩጫ የሚመልሰው እርሱ ነው።

እኩል መካፈል ለምን? አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ካሜራውና ሌንሱ ስንት እንደሚያወጣ ያነሳሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ሩቅ የሚያመጣ የስፖርት ሌንስ የመኪና ዋጋ አለው። ሯጩ ግን ያዋጣው ሰውነቱን ነው፤ ያም ሰውነት የሚያገለግለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው በ60 ዓመቱም ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ እኩል መካፈል እኔን ያሳምነኛል፤ ከዚህ በታች የወረደ ድርሻ አያሳምነኝም።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የአውስትራሊያ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ገንዘብና ትኩረት በማጣቱ ተጫዋቾቹ ራቁታቸውን የተነሱበትን የቀን መቁጠሪያ አሳትመው ሸጡ። ተፈላጊነቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ለአገራቸው የሚጫወቱ ሴቶች ለዚያ መገደዳቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሯጭ ፎቶ የሚሸጠው በሩጫዋ ይሁን። እንባዋን፣ ወድቃ ስትነሳ የተገለጠ ገላዋን፣ የቤቷን ድህነት ለመሸጥ የሚመጣ ፎቶ አንሺ በር ላይ መመለስ አለበት። ፈቃድ የሚባለውም ፎቶው ታይቶ የሚሰጥ እንጂ አስቀድሞ በጅምላ የሚፈረም መሆን የለበትም።

ሌላው እንቅፋት ታላላቆቹ ፎቶዎች በእጃችን አለመሆናቸው ነው። ኦሊምፒክ ላይ ፎቶ ለማንሳት የሚሰጠው ፈቃድ ለዜናና ለዘገባ እንጂ ለንግድ አይደለም፤ ፎቶዎቹም በብዛት የትላልቅ የውጭ ዜና ወኪሎች ናቸው። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ የድል ዙር ስትሮጥ፤ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከ10 ሺህ ሜትር በኋላ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ሲቀድመው፣ ማለትም በዚያው ኦሊምፒክ ከወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ በጠበበ ልዩነት፤ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ ለተሰንበት ግደይ ከገባች በኋላ ተመልሳ፣ መስመሩ አጠገብ የወደቀችውን ሲፋን ሐሰንን ስታጽናና። እነዚህን በቀን በቀን ብናያቸው አንጠግባቸውም። አትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ከወኪሎቹ ጋር ተደራድሮ የተመረጡ ፎቶዎችን ለተወሰነ ህትመት ቢያስፈቅድ፣ ከሽያጩ የጡረተኛ አትሌቶች መደጎሚያ ሊወጣ ይችላል። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለው እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ጃን ሜዳ፣ በቆጂ ነው። እዚያ ለማንሳት የውጭ ወኪል ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሯጮቹ ፈቃድ ነው።

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላ ስትገባ፣ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ጫማው 138 ግራም ይመዝናል፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ያ ፎቶ ለጫማ ሠሪው ምን ያህል ማስታወቂያ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ትዕግሥት ውል አላት፤ ውሉም ይጠቅማታል። እኔን የሚያሳስበኝ በየታላቁ ማራቶን ከመሪዎቹ ፊት ነፋሱን እየከፈለ የሚሮጠው አሯሯጭ ነው። በፎቶው ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይታያል፤ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ በፎቶው ሥር በሚጻፈው ውስጥ ግን ስሙ አይገኝም። ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር፣ ታላቁ ሩጫ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ያሰባስባል። ከውጭ የሚመጡ ሯጮችና ዲያስፖራዎች አሉበት። አንድ የህትመት መሸጫ ድንኳን እዚያ ቢተከል ለመጀመሪያው ዓመት አሥር ፎቶ ይበቃል፤ ከአሥሩ ቢያንስ አምስቱ የአሯሯጮችና ገና ማናጀር ያላገኙ ሯጮች ይሁኑ። በእያንዳንዱ ህትመት ጀርባ የሯጩ ሙሉ ስም፣ የተነሳበት ቦታና ቀን፣ አሠልጣኙ፣ ለሯጩ የሚደርሰው ድርሻ በመቶኛ ይጻፍ፤ ገዢው የሚከፍለው ወዴት እንደሚሄድ እያየ ይክፈል። ውጭ አገር ላለው ህትመቱ በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ ይላካል። ውሉ ሯጩ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ። ሯጩ ፎቶውን ሳይወደው ቀርቶ አይታተምብኝ ካለ አይታተም። ገንዘቡም ህትመቱ በተሸጠ በ30 ቀን ውስጥ፣ በፎቶ አንሺው እጅ ሳያልፍ፣ በቀጥታ በሯጩ የባንክ ሒሳብ ይግባ።